ዎከር፦ የትም ሳይሄድ ሲረግጥ የሚውለው ሰው

ጆኒ ዎከር ጠርሙስ ላይ ያለውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ እየተራመደ ነው። ሥዕሉ በ1908 የተሠራ ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሠዓሊው ዎከርን «ተራማጅ» ብሎ ተጫውቶበታል። ስሙ ግን ከመንገድ ጋር ጉዳይ የለውም። የጥንቱ ዎከር የትም አይሄድም። ገንዳ ውስጥ ቆሞ ጨርቅ ሲረግጥ ነው የሚውለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ሀብቷ የበግ ፀጉር ነበር። ከሸማኔ እጅ የወጣው የሱፍ ጨርቅ ግን ለልብስ ገና ነው። ሳሳ ያለ ነው፣ ክሩ የተራራቀ ነው፣ የበጉም ስብ አልለቀቀውም። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይከተትና የከረመ ሽንት ይፈስበታል። አዎ፣ ሽንት! ሲከርም አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ደግሞ ስቡን ያስለቅቃል። ከዚያ አንዱ እግሩን ገልጦ ይገባና ለሰዓታት ይረግጠዋል። ጨርቁ እየተኮማተረ፣ ክሩ ከክሩ እየተያያዘ ሄዶ ብርድና ካፊያ የሚችል ይሆናል። ስብ የሚመጥ ለየት ያለ አፈርም ይጨመርበታል። በመጨረሻ ይታጠብና ሜዳ ላይ በተተከለ እንጨት በመንጠቆ ተወጥሮ ይደርቃል። ወንዝ ወርዶ ጋቢ በእንዶድ የረገጠ ሰው አረጋገጡ አይጠፋውም። ሽታው ግን ሌላ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዌአልካን» ማለት መንከባለል፣ ማገላበጥ ነበር፤ ለባሕር ማዕበልም ይባል ነበር። ጨርቁን የሚያገላብጠው ሰው ከዚሁ ግስ ስም ወጣለት። ዛሬ መራመድ የምንለው «ዎክ» የዚያው ግስ ልጅ ነው፣ «በእግር መሄድ» የሚለውን ትርጉም ያገኘው ግን ኋላ ላይ ነው። ግሱ ትርጉሙን ሲለውጥ የቤተሰብ ስሙ አሮጌውን ይዞ ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ ለዚህ አንድ ሙያ ሦስት ስም መኖሩ ነው። በሰሜን፣ ዮርክሻየርና ላንካሻየር አካባቢ፣ ዎከር ይሉታል። በደቡብና በምሥራቅ ፉለር ነው፣ ሥሩ ላቲን። በደቡብ ምዕራብ፣ በነዴቨንና ሶመርሴት፣ ታከር ይባላል፤ እሱ የመጣው ማሠቃየት ከሚል ጥንታዊ ግስ ነው። ጨርቁ የሚደርስበትን ላየ ስሙ አልበዛበትም! ኤክሰተር ከተማ ውስጥ በ1471 የተሠራው የማኅበራቸው አዳራሽ፣ ታከርስ ሆል፣ ዛሬም ቆሟል። ማርቆስ 9፥3 ላይ የጌታን ልብስ «አጣቢም በምድር ላይ» እንደዚያ ሊያነጣው አይችልም የሚለውን እናስታውሳለን። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወጣው የዊክሊፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም እዚያ ቦታ ላይ «ፉለር ወይም የጨርቅ ዎከር» ብሎ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ የሰሜኑም የደቡቡም አንባቢ እንዲገባው ይመስለኛል።

ሙያ እንዴት የቤተሰብ ስም ሆነ? እንደኛ በአባት ስም ለሚጠራ ሰው ይህ ትንሽ ግር ይላል። መጀመሪያ ቅጽል ብቻ ነበር። ጨርቅ የሚረግጠው ጆን ዎከር ይባላል፣ ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ከሆነ ቤከር ሊባል ይችላል። እያደር ግን ስሙ እየተጣበቀ ሄደ፤ በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል የተመዘገቡት ሰዎች ስም በብዛት ተጽፎ ቀርቷል። ወደ 1400 ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ የሚወረስ ስም ነበረው።

የሚያስቀው፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ቦታ እግር ከሥራው ወጥቷል። በውሃ ኃይል የሚሠራ፣ ጨርቁን በእንጨት መዶሻ የሚወቅጥ ወፍጮ በ1185 ቴምፕላሮች በሚባሉት የመስቀል ጦርነት ዘመን ወታደር መነኮሳት መዝገብ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከዎከሮቹ ብዙዎቹ ስሙን የወረሱት ማሽኑ እግራቸውን ካሳረፈው በኋላ ነው።

ሁሉም ዎከር ግን የጨርቅ ረጋጭ ዘር አይደለም። ኒውካስል ውስጥ ዎከር የሚባል ሰፈር አለ፣ ስሙ ከሮማውያኑ የሐድሪያን ግንብ አጠገብ ካለ ረግረግ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ከዚያ ወስዶታል። በጋብቻ የገባም አለ። የጸጉር ቅባት ነጋዴዋ ማዳም ሲ ጄ ዎከር በ1867 ስትወለድ ሣራ ብሪድላቭ ነበረች፣ ዎከር የባሏ ስም ነው። የጆርጅ ደብልዩ ቡሽ «ደብልዩ»ም ዎከር ነው፣ በአያቱ በኩል የመጣ።

ሥራው ራሱ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቆይቷል። እዚያ የሴቶች ሥራ ነበር። እርጥቡን ጨርቅ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ በዘፈን ይደበድቡታል። ስፋቱን በጣት ይለኩታል። በበቂ ካልጠበበ ሌላ ዘፈን ይጀመራል።