የእንግሊዝኛ መስተጻምር ምንድን ነው? ሁለት ሐሳብ የሚገጥምበት ቦታ

ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ገሚሶቹ ከሥራ የሚመለሱ ሠራተኞች፣ ገሚሶቹ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃቸው ልጆች ናቸው። ቃል አያጥራቸውም። ለየብቻው የሚጽፉት አጭር ዓረፍተ ነገርም አብዛኛውን ጊዜ የቀና ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ሐሳብ በአንድ ላይ ማለት ሲፈልጉ ነው። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላለ ሥራ የተጻፈ ማመልከቻ ሲበላሽም የሚበላሸው እዚያ መጋጠሚያው ላይ ነው።

መጋጠሚያውን የሚይዘው ቃል መስተጻምር ይባላል። መስተጻምር «ሻይና ዳቦ» እንደምንለው ቃልን ከቃልም ያያይዛል፤ ይህ ቀላል ስለሆነ ልለፈው። የማወራው ሐረግን ከሐረግ ስለሚያያይዘው ነው። ሐረግ ስል የራሱ ባለቤትና የራሱ ግስ ያለውን የንግግር ክፍል ማለቴ ነው።

በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መስተጻምር የሚቀርበው በዝርዝር ነው፤ «ኤንድ» ማለት «እና»፣ «በት» ማለት «ግን»፣ «ቢኮዝ» ማለት «ምክንያቱም» እየተባለ ይሸመደዳል። ፍቺው ትክክል ነው። ነገር ግን ተማሪው ቃሉ የት እንደሚቆምና በሐረጉ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያደርስ ካላወቀ ዝርዝሩ አይረዳውም።

አማርኛ ብዙውን ጊዜ ማያያዣውን ከግሱ ጋር ያጣብቀዋል። «አውቶቡሱ ስለዘገየ በእግሬ ሄድኩ» ስንል ምክንያት መሆኑን የምትነግረን «ስለ» በግሱ ላይ ተለጥፋለች፤ ግሱ ደግሞ የሚመጣው በሐረጉ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሰሚው ምክንያት እየተነገረው መሆኑን የሚያውቀው ሐረጉ ሊያልቅ ሲል ነው። እንግሊዝኛው «ቢኮዝ ዘ ባስ ዎዝ ሌት፣ አይ ዎክድ» ይላል። «ቢኮዝ» ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ከባለቤቱም ከግሱም በፊት ስለሚቆም ሰሚው ገና ከመነሻው ምክንያት ሊሰማ ይዘጋጃል። ሐረጉን ከነመስተጻምሩ አንስቶ ወደ ኋላ ማዛወርም ይቻላል፤ «አይ ዎክድ ቢኮዝ ዘ ባስ ዎዝ ሌት»። ሐረጉ ሲቀድም ከኋላው ኮማ ይደረግለታል፤ ሲከተል ግን ብዙውን ጊዜ ኮማ አያስፈልገውም።

ይህ አቋቋም ለእኛ ጆሮ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው። ግእዙ «እስመ»ን ከፊት ያቆማል። አማርኛው «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብሎ ያንኑ ሥራ መጨረሻ ላይ ላለችው «ና» ይሰጣል። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ፎር ሂዝ መርሲ ኤንዱሬዝ ፎር ኤቨር» ሲል እንደ ግእዙ ማያያዣውን ያስቀድማል። የመጀመሪያው «ፎር» መስተጻምር ነው፤ ሁለተኛው «ለዘላለም» ከሚለው ውስጥ «ለ»ን የሚተካ መስተዋድድ ነው። በዛሬ ንግግር መስተጻምሩ «ፎር» እምብዛም አይሰማም፤ ቦታውን «ቢኮዝ» ወስዶታል።

የእንግሊዝኛ መስተጻምሮች በዋናነት ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን እኩል ለእኩል የሚያያይዝ ነው፤ «ፎር»፣ «ኤንድ»፣ «ኖር»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «የት» እና «ሶ»። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ «ፋንቦይስ» ስለሚሉ ተማሪዎች በዚህ ስም ይይዟቸዋል። በእነዚህ የተያያዙ ሁለት ሐረጎች ቢለያዩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መቆም ይችላሉ። የመስተጻምሩ ቦታ መሐል ነው፤ ሐረጉን ይዞ ወደ ፊት መዝለል አይችልም። ሁለቱም ሐረጎች ባለቤትና ግስ ካላቸው ከመስተጻምሩ በፊት ኮማ ይገባል፤ በጣም አጭር ከሆኑ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ወገን «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞ» (ምንም እንኳን)፣ «ኢፍ»፣ «ዌን»፣ «ዋይል»፣ «ቢፎር»፣ «አንቲል»፣ «አንሌስ» እና መሰሎቻቸው ናቸው። እነዚህ የያዙትን ሐረግ ጥገኛ ያደርጉታል። የቅኔ ቤት መምህራን በግሥ ላይ ወድቆ ማሰሪያነቱን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የመዝጋት ሥራውን፣ የሚያስቀረውን ቃል ዐቢይ አገባብ ይሉታል፤ «እስመ» ከእነዚያ አንዱ ነው። ለእንግሊዝኛው «ቢኮዝ» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁለትም። «ዘ ባስ ዎዝ ሌት» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ፊቱ ላይ «ቢኮዝ» ሲመጣ ማሰሪያው ይፈርሳልና ሌላ ሐረግ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ለዚህ ነው «ቢኮዝ ዘ ባስ ዎዝ ሌት» ብሎ ነጥብ ማድረግ በጽሑፍ ጉድለት የሚሆነው። በቃል «ለምን ዘገየህ?» ተብሎ ለተጠየቀ ግን ይህ በቂ መልስ ነው፤ የጎደለው ሐረግ ጥያቄው ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት ልምጣ። «ኦልዞ ኢት ሬንድ፣ በት ዊ ዌንት» የሚል ጽሑፍ በየሳምንቱ እጄ ይገባል። ምንጩ ግልጽ ነው። አማርኛ «ምንም እንኳን ቢዘንብም፣ ነገር ግን ሄድን» ሲባል አይቆጣም። ተቃርኖውን በ«ምንም እንኳን»፣ በ«ቢ…ም» እና በ«ነገር ግን» ደጋግሞ ማሳየት በእኛ ዘንድ ማጠንከሪያ ነው። የዛሬው መደበኛ እንግሊዝኛ ግን ሁለት ሐረግ ለማያያዝ አንድ መስተጻምር ይበቃዋል። ወይ «ኦልዞ»ን፣ ወይ «በት»ን መምረጥ ያስፈልጋል። «ቢኮዝ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «ሶ» መጨመርም ያው ነው፤ «ስለዘነበ፣ ስለዚህ ቀረሁ» የሚለው ልማድ ተሻግሮ ነው። እርግጥ እንደ «አይዘር … ኦር» እና «ናይዘር … ኖር» ያሉ ጥንዶች አሉ፤ እነዚህ ሁለቱም ክፍሎቻቸው አንድ ላይ እንደ አንድ መስተጻምር ይሠራሉ።

የሥርዓተ ነጥብ ልማዳችንም ይከተለናል። «አውቶቡሱ ዘገየ፤ በእግሬ ሄድኩ» ብሎ በድርብ ሰረዝ መጻፍ በአማርኛ ያምራል። በእንግሊዝኛም በዚያ ቦታ ሴሚኮለን ቢገባ ትክክል ነው። ብዙዎች ግን ኮማ ያስገባሉ፤ ኮማ ብቻውን ያለ መስተጻምር ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሸከም አይችልም። «ሃውኤቨር»ም ከዚህ አያድንም። ፍቺው ወደ «በት» ቢቀርብም በዚህ አገባቡ መስተጻምር አይደለም፤ ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን ይፈልጋል።

ንግግሩ ከጽሑፉ ይላላል። ተናጋሪዎች «ኤንድ»፣ «ሶ»፣ «በት» እያሉ ሐረግ በሐረግ ላይ ይቀጥላሉ፤ «ቢኮዝ»ን ቆርጠው «ኮዝ» ይሏታል። ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የሚከብደው ግን የማይሰማው መስተጻምር ነው። «እንደመጣ አውቃለሁ» ስንል «እንደ» ልትቀር አትችልም። እንግሊዝኛው «አይ ኖው ዛት ሂ ኬም» ማለት ሲችል «ዛት»ን ጥሎ «አይ ኖው ሂ ኬም» ይላል። ዜና የሚያዳምጥ ተማሪ ቃሎቹን ሁሉ እያወቀ ትርጉሙ የሚያመልጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚጠብቀው ማያያዣ አልመጣለትም።

«ዓረፍተ ነገር በኤንድ ወይም በበት አይጀመርም» የሚለውን ክልከላ በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝኛ ሕግ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት የ1611 መጽሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ 31 ቁጥሮች አሉት፤ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም በ«ኤንድ» ይጀምራሉ። ለጀማሪ እንዳይደጋግመው መምከር ተገቢ ነው፤ ስሕተት ነው ብሎ ማስፈራራት ግን ልጁን ከሚያነበው ጋዜጣና መጽሐፍ ጋር ያጣላዋል።

አፍራሽነትን በውስጣቸው የያዙት መስተጻምሮች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ካልመጣ በስተቀር» ውስጥ አሉታ አለ፤ ስለዚህ ተማሪው «አንሌስ ሂ ዳዝ ኖት ካም» ይላል። «አንሌስ» አሉታውን ራሱ ይዟልና ትክክሉ «አንሌስ ሂ ካምስ» ነው። «ሳይመሽ ግባ» በምንልበት ቦታም እንግሊዝኛው «ቢፎር ኢት ጌትስ ዳርክ» ብሎ አሉታውን ይተወዋል።

በጊዜ ረገድ ግን አማርኛችን በትክክል ይመራል። «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ውስጥ ገና የሚሆን መሆኑን የሚነግረን ዋናው ግስ ነው፤ «ሲመጣ» ላይ የወደፊት ምልክት የለም። እንግሊዝኛውም «ዌን ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ይላል፤ «ዊል» የሚገባው በዋናው ሐረግ ብቻ ነው። ሆኖም ነገሩ የወደፊት ስለሆነ «ዌን ሂ ዊል ካም» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ተማሪዎች አማርኛውን ጮክ ብለው እንዲያነቡት እነግራቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ «ዊል»ን ራሳቸው ይሰርዙታል።