የባቡር ዞን ታሪፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ያደግነው በመናኸሪያ ታሪፍ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሒሳቡም ይጨምራል። ልጅ ለመጠየቅ በርሊን ወይም ለንደን የሚሄዱ ወላጆቻችን ግን እዚያ የሚያገኙት በዞን የሚከፈል ባቡር ነው። አለማወቁ ገንዘብ ያስከፍላል፣ በሰው ፊትም ያሳቅቃል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሣ።

«ሩቅ የሄደ ብዙ ይከፍላል፣ ቅርብ የሄደ ትንሽ»

በዞን ታሪፍ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከተማው ከመሐል ወደ ውጭ በቀለበት በቀለበት ይከፋፈላል፤ ዋጋውን የሚወስነው የነካችሁት ቀለበት እንጂ ኪሎ ሜትሩ አይደለም። ከአዲስ አበባ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚገባ ባቡር አለ እንበል። የዞኑ መስመር ሸኖና ጫጫ መካከል ቢሰመር፣ ከጫጫ ሸኖ ገበያ የሚወርድ ሰው የሁለት ዞን ይከፍላል። ከሸኖ እስከ ለገጣፎ የሚሄደው ግን መንገዱ እጅግ ረዝሞ ሳለ የአንድ ዞን ብቻ ሊከፍል ይችላል። የጫጫው ሰው ጥፋቱ መስመሩ በደጁ ማለፉ ነው። እንግዲህ በእኔ እምነት ስለ ዞን ታሪፍ የሚነሣው ትልቁ ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን መስመሩ የት ያርፋል የሚለው ነው። ለንደን ይህን ለማለዘብ አንዳንድ ጣቢያዎችን በሁለት ዞን ትቆጥራለች። ስትራትፎርድ ለምሳሌ ዞን 3 ብቻ ነበር፤ ከጥር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዞን 2ም 3ም ሆኖ ይቆጠራል፤ ለተሳፋሪው የሚያዋጣው ይያዝለታል።

«ዞኑ የአስተዳደር ወሰን ነው»

አይደለም። ኤፒንግ የሚባለው የለንደን ባቡር ጣቢያ ከታላቋ ለንደን አስተዳደር ውጭ ሆኖ ሳለ በዞን 6 ውስጥ ነው።

«ቲኬት ከያዝኩ የትም ብወርድ ችግር የለም»

በርሊን ላይ ብዙ ሰው የሚቀጣው በዚህ ነው። ዞን ኤ ከተማዋን በሚዞረው የባቡር ሐዲድ ውስጥ ያለው ነው፤ ቢ እስከ ከተማው ወሰን ይደርሳል፤ ሲ ከዚያ ውጭ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ዞን ሲ ውስጥ ነው። እንግዲህ እናታችን ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ የኤና የቢ ቲኬት ይዘው ከአውሮፕላን ማረፊያው ቢሳፈሩ፣ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። በር ላይ የሚያግድ የለም፤ ተቆጣጣሪው የተለመደ ልብስ ለብሶ መሐል ላይ ሊመጣ ይችላል። «አላወቅሁም» ማለት አያድንም። ሦስቱንም ዞን የያዘ ቲኬት መግዛት፣ ወይም የኤና የቢ ቲኬት ላለው የሲን ጭማሪ ብቻ መግዛት ይበቃል። ሌላም አለ፤ የወረቀቱ ቲኬት ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ማኅተም ካልተመታበት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው። ለአንድ ጉዞ የሚሆነው ተራ ቲኬት ለ2 ሰዓት ያገለግላል፤ በዚያው መመለስ ግን አይቻልም። ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ከመቀበላችሁ በፊት ይህን በስልክ ንገሯቸው።

«ዋጋው የሚቆጠረው በመነሻና በመድረሻ ብቻ ነው»

በየት በኩል እንደሄዳችሁም ይቆጠራል። ለንደን ውስጥ መሐሉን፣ ማለትም ዞን 1ን፣ ሳይነኩ በዳር በዳር መሄድ ይረክሳል። ባቡር በምትቀይሩባቸው አንዳንድ ጣቢያዎች ሮዝ ቀለም ያለው የካርድ ማስነኪያ አለ፤ ካርዳችሁን እሱ ላይ ካላስነካችሁ በመሐል እንዳለፋችሁ ተቆጥሮ ሊቆረጥባችሁ ይችላል።

«የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በዞን ነው»

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪፉ እንደ ጉዞው ርዝመት ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ቀለበት የለውም፤ ከእኛ አውቶቡስ ታሪፍ ጋር የሚቀራረብ አሠራር ነው።

«ትልቅ ከተማ ያለ ዞን አይሆንለትም»

ፓሪስ ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነጠላ የባቡር ጉዞ ዞንን ትታለች፤ በመላው ክልሉ አንድ ዋጋ ሆኗል፤ ያኔ 2.50 ዩሮ ነበር። ቀድሞ ከከተማው ዳር የሚመጣ ሰው እስከ 5 ዩሮ ይከፍል ነበር፤ መሐል ለመሐል የሚሄደው ደግሞ 2.15። የቤት ኪራይ ወደ ዳር የገፋው ሰው ነው የተጠቀመው፤ ለእኔ ይህ ፍትሐዊ ነው፣ ምንም እንኳ የመሐሉ ነዋሪ ጥቂት ሳንቲም ቢጨምር። ሉክሰምበርግማ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንደኛ ማዕረግ በስተቀር ባቡሩንም አውቶቡሱንም በነፃ አድርጋለች። ፓሪስ ለምትሄዱ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ አንድ ዋጋ ከአውሮፕላን ማረፊያ ለሚነሣ አይሠራም፤ ዋጋው በተለወጠበት ቀን የማረፊያው ቲኬት 13 ዩሮ ተደርጓል።