የኬን ወንበር ምንድን ነው? አሮጌውን ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው ይዩት

የጠፍር አልጋ የሚያውቅ የጎጃም ሰው የኬን ወንበርን ግማሹን ያውቀዋል። የእንጨት ፍሬም አለ፤ በፍሬሙ ላይ እየተመላለሰ የተወጠረ ነገር አለ። ጠፍር እርጥብ ሳለ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ክርር ይላል። ኬንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የሚወጠረው የበሬ ቆዳ ሳይሆን የአንድ ሐረግ ልጥ መሆኑ ነው።

ሐረጉ ራታን ይባላል። ከዘንባባ ወገን የሆነ፣ እሾሃማ፣ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚረዝም ተክል ሲሆን ገበያ ላይ የሚውለው በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከአካባቢዋ ደኖች የሚመጣ ነው። ግንዱ ሲላጥ የሚገኘው የሚያብረቀርቅ ቀጭን ልጥ፣ ኬን የምንለው እሱ ነው። የሚቀረው ልቡ ቅርጫትና ሌላ ዓይነት ወንበር ይሠራበታል።

ስሙ ከሁለት ነገሮች ጋር ይምታታል። እንጅባራ ላይ መንገድ ዳር የሚሸጠው የአዊ ወንበር ቀርከሃ ነው። የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፣ የሚደፈነው አንጓው ላይ ብቻ ነው፤ ራታን ግን እንደ ዱላ ድፍን ስለሆነ የተቆረጠ ጫፉን ማየት ይበቃል። ባሕር ዳር በየመዝናኛው ግቢ የሚደረደረውና ሻጮች «ራታን» የሚሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ መሆኑ ነውር የለበትም፣ ዝናብ ይችላል፤ በአሮጌ ኬን ዋጋ መግዛት ነው ነውሩ። ለመለየት ልጡን ከላይም ከሥርም ይዩት። እውነተኛው ኬን ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከሥሩ ደብዛዛና ሻካራ ነው፣ አልፎ አልፎም የአንጓ ጠባሳ ይታይበታል። የፕላስቲኩ ላይና ታች ግን አንድ ዓይነት ነው።

«አንቲክ» በንግድ ልማድ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ዕቃ ነው፤ «ቪንቴጅ» ከዚያ ያነሰ፣ ግን የአንድን ዘመን መልክ የያዘ። ስለዚህ «ከጣልያን ጊዜ የቀረ አንቲክ ነው» የሚል ሻጭ ሒሳቡ አልገባውም፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ያ ዘመን ገና 100 ዓመት አልሞላውም።

በኬን መቀመጫ ስማቸው ከሚነሣው ሁሉ ቀዳሚው የወንበር ሠሪው የሚካኤል ቶኔት 14 ቁጥር ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ቪየና ውስጥ ወጣ፤ እንጨቱ በእንፋሎት ተለስልሶ የተጎበጠ ነው። ስድስት የእንጨት ክፍሎችን በብሎን ማያያዝ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይገጣጠም 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይጫን ነበር። የቶኔት የብቻ መብት እ.ኤ.አ. በ1869 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ መልክ ማምረት ጀመሩ። በመሆኑም መልኩ ብቻ የቶኔት አያሰኘውም፤ ማኅተም ወይም የወረቀት መለያ የሚፈለገው በመቀመጫው ቀለበት የውስጥ ጎን ነው። መለያ የሌለው ግን ደህና ሥራ የሆነ ወንበር ለቤት ምንም አያንሰውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መቀመጫው እንደ ጫማ ሶል ያልቃል፣ ይቀየራል። የሚገዙት ፍሬሙን ነው። ገዢው ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚያየው መቀመጫውን ነው፤ የተቀደደውን ትቶ አዲስ የተጠለፈውን ያነሣል፣ ከሥሩ እንጨቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። መቀመጫው የተቀደደ፣ ፍሬሙ ግን የጠነከረ ወንበር ካገኙ ዋጋ ለማስቀነስ ከዚያ የተሻለ ምክንያት የለም።

ወንበሩን ገልብጠው የፍሬሙን ዙሪያ ይዩ። ልጡ በተርታ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ካለፈ በእጅ የተጠለፈ ነው። ቀዳዳ ከሌለና ከላይ በኩል ዙሪያውን ቀጭን የራታን ዘንግ ተቀብሮ ከታየ ግን፣ በማሽን የተሸመነ ጨርቅ መሰል ኬን ፍሬሙ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ገብቶ በዘንጉ ተቆልፏል ማለት ነው። ይሄኛው የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ስለሆነ ቦይ ያለው ወንበር ከዚያ በፊት ተሠራ ቢባል አይመኑ።

በእጅ የተጠለፈ ከሆነ ዓይንዎን ቀዳዳዎቹ ላይ ያቆዩ። እንደ ቴምብር ጠርዝ በተርታ የተበሳ እንጨት የሚሰነጠቀው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ነው። ስንጥቁ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ካገናኘ በኮላና በሞርሳ ይያዛል። አራት አምስት ቀዳዳ ተከትሎ ከሄደ ግን አዲሱ ኬን ሲደርቅ ራሱ ይገነጥለዋል፤ ያንን ወንበር ይተዉት። ብዙ ጊዜ የጥፋቱ ምንጭ ጥገና ነው፦ ኬኑ ሲያልቅ አንድ ሰው ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ከላይ በሚስማር ይመታበታል፣ ሚስማሩም በቀዳዳዎቹ መካከል ይገባል። ኮምፔንሳቶ የተመታበት አሮጌ ወንበር ሲያገኙ አስነሥተው ከሥሩ ያለውን ሳያዩ ገንዘብ አይቁጠሩ።

ቀጥሎ መጋጠሚያው። ወንበሩን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁመው በአንድ እጅ መደገፊያውን፣ በሌላው የመቀመጫውን ፊት ይዘው በሰያፍ ይጠምዝዙት። ወንዴና ሴቴው (የገባው ምላስና የገባበት ቀዳዳ) ከላላ ይንቋቋል፤ ይህ ተፈቶ፣ አሮጌው ኮላ ተፍቆ፣ እንደገና ሲጣበቅ የሚድን ነው። የላላውን መጋጠሚያ በሚስማር «ያጠነከረ» አናጢ ግን ያባብሰዋል፤ እንጨቱ በጋና ክረምት ሲጠብና ሲሰፋ ሚስማሩ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። የተጎበጠ እንጨት ከሆነ ጉብጠቱ ላይ የተላቀቀ ስንጥር መኖር አለመኖሩን በጣት እየዳሰሱ ይሂዱ።

ነቀዝ ሦስተኛው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ምሕረት የለም። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ወንበሩን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው እግሩን በመዶሻ እጀታ ያንኳኩ። የረገፈው ዱቄት እንደ ጤፍ ዱቄት የላመና ፈካ ያለ ከሆነ ትሉ ውስጥ አለ። የቀዳዳው አፍ ጠቁሮ ምንም ካልረገፈ ነቀዙ የድሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ሌላ ዕቃ በሌለበት ክፍል ወረቀት ላይ ያቆዩት። ሻጩ «ናፍጣ ቀብቼዋለሁ» ቢልም ላይ ላዩን የተቀባ ነገር ልብ ውስጥ የተቀመጠውን ትል አይደርስበትም።

እግሩንም ይለኩ። ከወለል እስከ መቀመጫ 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ ጋር ይስማማል። 40 ሆኖ ከተገኘ የበሰበሰ ጫፍ ተቆርጦለት ሊሆን ይችላል። ውኃ እየተረጨ የሚጠረግ የአፈር ወለል ላይ የኖረ ወንበር መበስበስ የሚጀምረው ከእግሩ ጫፍ ነው።

ኬኑ ራሱ ደህና ከሆነ በመዳፍ መሐሉን ጫን ያድርጉት። ደህናው ትንሽ ይለጠጥና ይመለሳል፤ የደረቀው እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። መበጠስ የሚጀምረው ከመሐል ሳይሆን ከጠርዙ ነው፣ ልጡ እንጨቱ ላይ የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ። ሁለት ሦስት ልጥ ጠርዙ ላይ ከተበጠሰ ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይሄዳል፣ የቀረውም አይቆይም፤ እንደተቀደደ ቆጥረው ይደራደሩ። የረገበ ግን ያልተበጠሰ መቀመጫ ሌላ ነው። ነሐሴ ላይ የረገበ የሚመስለው የካቲት ላይ ቀጥ ሊል ይችላል፣ ኬን እርጥበት ሲያገኝ ይላላልና። ለማጥበቅ ገልብጠው ከሥሩ በኩል ሙቅ ውኃ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ በደንብ ያርሱት፤ የሚያብረቀርቀው ወገን ውኃ አይጠጣም፣ የሚጠጣው ሻካራው ነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ እስከ ማግስቱ ሳይቀመጡበት ይተዉት።

መቀመጫው እንዲቀየር ከተወሰነ ልጡን ከመግዛት በፊት ቀዳዳው ይለካል። ማስመሪያውን ከአንደኛው ቀዳዳ መሐል እስከ አሥራ አንደኛው መሐል ያስይዙና ለ10 ያካፍሉ። ውጤቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወርዱ 2.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ልጥ፣ 16 ከሆነ 2.5፣ 19 ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ወፍራም ልጥ «ይጠነክራል» ብሎ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው፤ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ብዙ ልጥ ስለሚያልፍ መጨረሻ ላይ መግቢያ ይጠፋል። ለአንድ መደበኛ መቀመጫ 75 ሜትር አካባቢ ይበቃል። አጠላለፉ ሰባት ዙር አለው፦ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከላዩ በአግድም፣ እንደገና ከኋላ ወደ ፊት፣ አራተኛው በአግድም ከላይና ከታች እየተሸመነ፣ ከዚያ ሁለት ሰያፍ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በመጨረሻም ቀዳዳዎቹን የሚሸፍን የጠርዝ ልጥ። ስምንት ማዕዘን ያላት ዓይን የምትወጣው ሰያፎቹ ሲገቡ ነው። ልጡ 15 ወይም 20 ደቂቃ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከተዘፈዘፈ ይጠቁራል።

ቦይ ያለው ቀላል ነው፣ ከጽዳቱ በቀር። አሮጌው ዘንግና ኮላ በሙቅ ውኃ ለስልሶ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አለበት፤ የተረፈ ኮላ ካለ አዲሱ ዘንግ ወደ ታች አይወርድም፣ ሲደርቅም ይዘላል። የተሸመነው ኬን በየጎኑ ከቦዩ 2.5 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይቆረጣል፣ ተነክሮ ከኋላና ከፊት መሐል ተጀምሮ ወደ ማዕዘኖቹ ይገባል። እርጥብ ሳለ እንደ ከበሮ መወጠር አያስፈልግም፤ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል፣ ከልክ በላይ የተሳበው ጠርዙ ላይ ይበጠሳል። ሁለት ቀን ሳይሞላ አይቀመጡበት።

እዚህ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ኬን ከሌለስ በአገር ዕቃ አይተካም? ጠፍር አይሆንም፤ ሲደርቅ ለወፍራም የዋንዛ አልጋ የታሰበ ጉልበት ስላለው ቀጭኑን የተጎበጠ ቀለበት ያጣምመዋል፣ በ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳም አይገባም። የቀርከሃ ስንጥር የቀዳዳው አፍ ላይ እጥፍ ሲል ይሰበራል። ደንገል ታንኳ ላይ ያምራል፣ ለዚህ ግን ለስላሳ ነው። ሲባጎ ይገባል፣ ይለጠጣልና እየቆየ እንደ ከረጢት ይወርዳል፤ ነገር ግን ፍሬሙን አይጎዳውም፣ ስለዚህ ልጡ እስኪገኝ ድረስ እሱ ይሻላል። ከሚስማርና ከኮምፔንሳቶም ይሻላል።

ቤት ከገባ በኋላ የኬን ጠላቱ የሰው ክብደት አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ክብደት ነው። ሁለት ሰዓት የተቀመጠበት ወፍራም እንግዳ አይጎዳውም፤ በድግስ ዋዜማ አምፖል ለመቀየር ጫማውን እንዳደረገ የሚቆምበት ቀጭን ልጅ ግን በአንድ እርምጃ ይበሳዋል። ጉልበትም እንዲሁ። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥርም አይሁን። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ጊዜ በወር አንዴ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይለፍበት። ቫርኒሽ መቀባት አያስፈልገውም፤ የሚያብረቀርቀው ወገን አይዘውም፣ እየተላጠ ልብስ ላይ ይቀራል። ጥላሸት ከያዘው ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ሳሙና ያለበት ውኃ ይበቃል፣ ከዚያም ጥላ ላይ ተገልብጦ ይደርቃል።