ሊምፎማና የገዛ ደምን የሚያጠፋ መከላከያ

የሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ታማሚ ደሙ ሲያንስ ቶሎ የሚታሰበው ካንሰሩ መቅኔ ውስጥ ገብቷል ወይም ኬሞው ጎድቶታል የሚል ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን መቅኔው በደንብ እያመረተ ነው፤ ደሙ የሚያልቀው ከወጣ በኋላ ነው። አጥፊው የራሱ የታማሚው የበሽታ መከላከያ ነው።

ቀይ የደም ሴል በጤናው 120 ቀን ገደማ ይኖራል። አንቲቦዲ (መከላከያው ወራሪን ለመምታት የሚሠራው ፕሮቲን) ሲለጠፍበት ግን ጣፊያ ውስጥ ሲያልፍ ያለ ጊዜው ይበላል። ሰውየው ይደክመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ከተመታ ደግሞ ድድና አፍንጫ ይደማል፣ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ይወጣሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ ኢቫንስ ሲንድረም ይባላል፤ ስሙ የመጣው በ1951 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጽሑፍ ነው።

ችግሩ በብዛት የሚታየው ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር ነው። ስሙ አያሳስት፤ ከትንሽ ሴል ሊምፎማ ጋር አንድ በሽታ ነው። ከ100 ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ይከሰታል።

አንቲቦዲውን ማን ይሠራዋል? እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። በዚህ ሉኪሚያ፣ በሰውነት ሙቀት የሚሠራውን አንቲቦዲ በአብዛኛው የሚያመርቱት ካንሰር ያልያዛቸው ሴሎች ናቸው። ካንሰሩ ሥርዓቱን አናግቶ ጤነኞቹን ያሳስታቸዋል። በቅዝቃዜ የሚነቃው ዓይነት ግን በቀጥታ ከታመመው ሴል ቤተሰብ ይወጣል። የዚህኛው ታማሚ ብርድ ሲነካው ጣቶቹ ይጠቁራሉ።

መለያው፣ መከላከያው ቀይ ሴል ላይ የለጠፈውን የሚፈልገው የኩምብስ ምርመራ ነው፤ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ብቻውን ግን አይበቃም። ፖዘቲቭ ሆኖ ደሙ የማይጠፋበት ሰው አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ቀይ ሴል ሲፈርስ የሚጨምሩትን ቢሊሩቢንና ኤልዲኤች፣ እንዲሁም ገና የተወለዱ ቀይ ሴሎችን ቁጥር አብሮ ያያል። ለፕላትሌት እንዲህ ያለ አስተማማኝ ምርመራ የለም፤ ሌላውን ምክንያት እያስወገዱ ነው የሚደረስበት።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለሕክምናው ሲባል ነው። የሙቀቱ ዓይነት መከላከያውን በሚያረጋጋው በፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ ካንሰሩ ራሱ ገና መታከም ባያስፈልገው እንኳ። የቅዝቃዜው ዓይነት ለፕሬድኒሶሎን እምብዛም አይበገርም፤ የአንቲቦዲውን ምንጭ ሴሎች የሚመታው ሪቱክሲማብ ይሻለዋል። ደም መስጠት ካስፈለገም በማሞቂያ አልፎ ይገባል። ፍሉዳራቢን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ደግሞ ራሱ ችግሩን ሊቀሰቅስ ይችላል። በእሱ ምክንያት ደሙ የጠፋበት ሰው ዳግመኛ አይሰጠውም።