«በነፃ አድሮ ምን እውነት ይጽፋል?» እና ሌሎች ስለ ጉዞ ብሎገሮች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ሆቴሉ በነፃ ካሳደረው የሚጽፈው ሁሉ ውሸት ነው»
እርግጥ በነፃ የበላ አፍ ቶሎ አይከፈትም። ኒው ዮርክ ታይምስ ለጉዞ ዓምዱ የሚጽፉ ሰዎች ነፃ ጉዞም ነፃ አልጋም እንዳይቀበሉ የሚከለክለው ለዚሁ ነው። ግን የጋዜጣ በጀት ያለው ስንቱ ነው? ብሎገሮቹ ራሳቸው በዚህ ነገር አይስማሙም፤ ገሚሱ «ጨርሶ እንዳትነካ» ሲል ገሚሱ «ተቀበል፣ ግን ተናገር» ይላል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። ብቻ ሻወሩ ውኃ ካልነበረው እሱንም ጻፈው።

«ከታች ኮላብ (ማለትም በትብብር የተሠራ) ብያለሁ፣ ይበቃል»
አይበቃም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2019 ለኢንፍሉዌንሰሮች ባወጣው አጭር መመሪያ «ኮላብ» እና «ስፖን» (ስፖንሰር ሲያጥር) የመሳሰሉ ድፍን ያሉ ቃላትን ተዉ ይላል። ብቻውን የቆመ «እናመሰግናለን» ጭምር። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ከድርጅቱ የተቀበልከው ነገር እዚያው ቪዲዮው ውስጥ መነገር አለበት። ገንዘብ አልወሰድኩም ማለትም አያዋጣም፣ ነፃ አልጋም ሆነ ቅናሽ ይቆጠራል።

«እኔ የምቀርጸው አዲስ አበባ ነው፣ የአሜሪካ ሕግ ምን አገባው?»
ተመልካችህ ዲሲና ዳላስ ያለ ሐበሻ ከሆነ ያገባዋል። መመሪያው ከውጭ አገር የሚለጠፈውንም ይጨምራል፣ የአሜሪካን ሸማች እንደሚነካ የሚገመት ከሆነ።

«ብር ከፍያለሁ፣ እንደፈለግኩ አነሳለሁ»
እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው። ከጂንካ ተነስተው ማጎ ፓርክን አቋርጠው ሙርሲ መንደር ይደርሳሉ፣ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ተብሎ ይከፈላል፣ ለካሜራ ሲባል በአዘቦቱ ቀን የማይደረግ ጌጥ ሁሉ ይደረጋል፣ ከዚያ ብሎገራችን አገሩ ገብቶ «በሥልጣኔ ያልተነካ ጎሳ» ብሎ ይጽፋል። ያልተነካ! ከፊቱ ስንት ላንድክሩዘር ቆሞ እንደነበር ግን አይጽፍም። መክፈሉን አልቃወምም፤ ቆሞ መነሳትም ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። አይ፣ ብሩ ኑሮውን ወደ ትርኢት ቀየረው የሚሉም አሉ፣ እነሱም ነጥብ አላቸው። የተከፈለው ግን ለፎቶው ነው። በፎቶው ሥር ተረት ለመፍጠር ማንም አልፈቀደም። በተለይ ሕፃናት ሲሆኑ መጀመሪያ ወላጅ ይጠየቅ፣ እምቢ ካሉ ካሜራው ቦርሳ ይግባ። ከከፈልክም ስንት እንደከፈልክ ጻፈው፣ ቀጥሎ የሚሄደው ሰው ዋጋውን አውቆ ይሂድ።