የአስኳልን ቀለም የሚወስነው ዛንቶፊል ምንድን ነው?

"የፈረንጅ እንቁላል አስኳሉ ነጭ ነው፣ የሐበሻው ግን ቢጫ" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ነገሩን ከዝርያ ጋር ያያይዘዋል። ዋናው ምክንያት ግን ዶሮዋ የምትበላው ነገር ነው።

ዛንቶፊል በቅጠላ ቅጠልና በቢጫ በቆሎ ውስጥ የሚገኝ ቢጫ ቀለም ነው። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው ሁሉ አለው፤ አረንጓዴው ስለሚሸፍነው ነው የማይታየን። ዶሮ ይህን ቀለም ራሷ መሥራት አትችልም፣ ከበላችው ከስብ ጋር ሆኖ ወደ አስኳሉ ይገባል፣ ካልበላች ደግሞ አስኳሉ ይገረጣል። የሐበሻ ዶሮ ሣር ቅጠሉን ስትለቅም ነው የምትውለው። ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ከነጭ በቆሎ፣ ከፉርሽካና ከፋጉሎ የተዘጋጀ መኖ ብቻ የምትበላ ቦቫንስ (የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮ) ግን ከየት ታመጣዋለች?

ስለዚህ ክረምት ላይ ጓሮው ጎመን በጎመን ሲሆን፣ ተበልቶም ለጎረቤት ተሰጥቶም የተረፈውን አትጣሉት። ያረጀው የታችኛው ቅጠል፣ ያበበው ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ ሁሉም ይሆናል። በገመድ አስራችሁ የዶሮዎቹ አንገት በሚደርስበት ከፍታ አንጠልጥሉላቸው። መሬት ላይ ከሆነ ይረግጡታል፣ ኩስ ይነካዋል፤ ሲንጠለጠል ግን እየነጩ ይበሉታል፣ ሥራም ስለሚሆናቸው እርስ በርስ መነቋቆሩ ይቀንሳል። ለውጡን በማግስቱ አትጠብቁ፤ አንድ አስኳል አድጎ እስኪጨርስ 10 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ቀስ እያለ ነው የሚታየው።

የካሮቱ ሥርስ? ጥሩ ምግብ ነው፣ ለቀለም ግን ብዙም አይረዳም። ብርቱካናማው ነገር ቤታ ካሮቲን ነው፤ ዶሮዋ አብዛኛውን ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው ለአስኳሉ እምብዛም አይተርፍም። ቀይ በርበሬ ግን ይሠራል! ቀለሙ ራሱ የዛንቶፊል ዓይነት ነው፣ ቢጫውን ወደ ብርቱካናማ ይወስደዋል። ያቃጥላታል ብላችሁ አትስጉ፣ ወፎች የበርበሬን ማቃጠል አይሰማቸውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቅጠል ከ100 እጅ 90 ያህሉ ውሃ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ገደማ መኖ ያስፈልጋታል፤ ሆዷን በጎመን ከሞላችው ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ይጎድላትና መጣሏን ትቀንሳለች። አስኳሉ ደማቅ መሆኑ ብቻ ዶሮዋ በደንብ በልታለች ማለት አይደለም። ጠዋት መኖዋን ትብላ፣ ቅጠሉ ከሰዓት ይምጣ። ቆስጣ በየቀኑ ብቻውን አትስጡ፣ ካልሲየም የሚይዝ ኦክሳሌት ስላለው ከሌላ ጋር አፈራርቁት። አረንጓዴ የሆነ ድንች፣ ጥሬ ቦሎቄና አቮካዶ ጭራሽ አይቅረቡ። ጓሯችሁን ፀረ ተባይ ረጭታችሁ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ አንዲት ቅጠል እንዳትሰጧቸው፣ መርዙ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ሊደርስ ይችላል።