ፍሎራይድ፦ ጥርስ የሚጠብቀውም የሚያበልዘውም

የጥርስ ሳሙናው ላይ «ፍሎራይድ ያለው» ተብሎ በኩራት ይጻፋል፤ ፍሎራይድ በዓለትና በውሃ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። ወንጂ ወይም መተሐራ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሲታይ ደግሞ «የውሃው ፍሎራይድ ነው» ይባላል። ታዲያ የቱን እንመን? ሁለቱም ልክ ነው፤ ነገሩ የመጠን ነው።

ሳሙናው ጥርሱን ከላይ አጠንክሮ ይተፋል። ውሃው ግን ይጠጣል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ቡና ይፈላበታል። ወንጂና መተሐራ ባሉበት በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ፍሎራይድ እያሟሟ ስለሚመጣ፣ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን በሊትር የ1.5 ሚሊግራም ገደብ ያልፋሉ። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ግድም ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ሆኖ ወደዚያ የሄደ ሰው ጥርሱ አይለወጥም። አጥንት ግን ዕድሜ አይመርጥም፤ ለዓመታት ሲጠጣ ጀርባና መገጣጠሚያ ሊገትር ይችላል።

«አፍልቼ እጠጣለሁ» የሚሉ አሉ። ጀርሙ ይሞታል፤ ፍሎራይዱ ግን አይተንም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረው ይበረታል። የሚቀንሰው እንደ አጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራ) ያለ ማጣሪያ ነው፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም ይረዳል። ቡናማውን ጥርስ በመፋቂያ መፈግፈግ ደግሞ ድድ ማድማት ብቻ ነው፤ ቀለሙ ከውስጥ ነው።